የዶሮ ባሕረ ሐሳብ

የዋጋ ንረትን አስቀድሞ ለመገመት የሚደክሙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ባንኮች ደህና ደመወዝ ይከፍሏቸዋል። ግራፍ ይሠራሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ግራፍ ለምን እንደሳተ የሚያስረዳ ሁለተኛ ግራፍ ይሠራሉ። ሾላ ገበያ ዶሮ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። የዛሬ ሃያ ዓመት ዶሮ በየትኛው ሳምንት ሰማይ እንደምትነካ ብትጠይቁት፣ ንስሐ አባቱን አማክሮ ቀኑን ይቆርጥላችኋል።

ዘዴው ከቅዱስ ድሜጥሮስ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ትገድፋላችሁ፤ ከቀሪው አንድ ስትቀንሱ ወንበር ይወጣል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ አበቅቴ፣ በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ መጥቅዕ ታገኛላችሁ። ከመጥቅዑ ዕለት ተነሥታችሁ መባጃ ሐመርን ታወጣላችሁ፤ በእርሱም ነነዌ ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ መደመር ብቻ ነው። ነነዌ ላይ 14 ብትጨምሩ ዐቢይ ጾም፣ 41 ብትጨምሩ ደብረ ዘይት፣ 62 ሆሣዕና፣ 67 ስቅለት፣ 69 ትንሣኤ። ሊቃውንቱ እነዚህን ቁጥሮች ተውሳክ ይሏቸዋል። በበኩሌ አንዲት ተውሳክ ተዘልላለች ባይ ነኝ፤ 63። የሆሣዕና ማግስት ሰኞ፣ የዶሮ ዋጋ የሚነሣበት ዕለት።

በዚህ ስሌት የ2017 ትንሣኤ ሚያዝያ 12፣ የ2018ቱ ሚያዝያ 4፣ የ2019ኙ ሚያዝያ 24 ነው። በዓሉ ወዲያ ወዲህ ቢልም ከመጋቢት 26 በታች አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 በላይ አይወጣም። ወለልም ጣሪያም አለው ማለት ነው። ዶሮዋ ግን ወለል እንጂ ጣሪያ የላትም።

እንግዲህ ሁሉ ነገር የታወቀና የተቆረጠ ከሆነ፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ የምንደነግጠው ለምንድን ነው?

በበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ድንጋጤያችንን በደንብ ያውቀዋል። ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ይዞ የሽንኩርት ክምር ፊት ይቆማል። «የበዓል ገበያው ምን ይመስላል?» ይላል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እሳት ነው» ይሉታል። ቀጥሎ ነጋዴው ይጠየቃል። «ዘንድሮ እንኳን ከአምናው ይሻላል፤ እንዲያውም ቅናሽ አለው» ይላል፣ ካሜራውን ትቶ ከካሜራው ኋላ የተሰበሰበውን ገበያተኛ በፍርሃት እያየ። በመጨረሻ የሚመለከተው አካል ይቀርባል። የሚመለከተው አካል ሁልጊዜ ከጠረጴዛ ኋላ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ባንዲራ እንጂ ሽንኩርት የለም። «በቂ ምርት ወደ ከተማችን ገብቷል፤ ሸማቹ ሳይደናገጥ መገበያየት ይችላል» ይላል። ይህን የሰማች የቤት እመቤት ወዲያው ነጠላዋን ታነሣለች። «አትደናገጡ» እስክትባል ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር መኖሩን አላወቀችም ነበር።

የሦስቱም ሰዎች ንግግር ከዓመት ዓመት አንዲት ቃል አይለወጥም። ቆጣቢ የጣቢያ ኃላፊ ቢኖር የ2010ሩን ቀርጾ አስቀምጦ በየዓመቱ ያወጣው ነበር። እንቅፋቱ አንድ ነው፤ የዚያን ዓመት የዶሮ ዋጋ ሲጠራ ተመልካቹ እንባው ይመጣል።

የገበያው ቁንጮ ቀዳም ስዑር ናት። ያቺን ቅዳሜ ጠዋት ሾላን ያላየ ሰው ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ከመጻሕፍት የተማረው ሁሉ ግማሽ ነው። ቄጤማ በራሳቸው ያሰሩ፣ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ ያላሉ አክፋዮች በደረቀ ከንፈር ሽንኩርት ይከራከራሉ። ሰው ሆዱ ባዶ ሲሆን ገበያ አትውጣ ይባላል፤ ያየውን ሁሉ ይገዛልና። እኛ ደግሞ ከተማውን በሙሉ 55 ቀን አስጹመን፣ የመጨረሻዋን ቀን እህል ውሃ ከልክለን፣ ከዚያ በኋላ ነው ዶሮ ተራ የምንለቀው።

ባለቤቴ ዶሮ ስትገዛ አትናገርም። ክንፎቹን ገጥማ አውራውን ወደ ላይ ታነሣዋለች፤ ክብደቱን በእጇ ትመዝናለች። ደረቱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ላባውን እፍ ብላ ከሥሩ ቆዳውን ታያለች። ነጋዴው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲምል ይቆያል። የሐበሻ ነው፣ ጥሬ በልቶ ያደገ ነው፣ በእግሩ ነው የመጣው ይላል። (ከየት እንደመጣ ጠይቄው «ከሩቅ» ብሎኛል።) ቀለምም ትመርጣለች፤ ቀይ ከሆነ ደስ ይላታል፣ ገብስማም አትጠላም፣ ጥቁሩን ግን ዘወር ብላ አታየውም። ድስት ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ቀይ ይሆናሉ ብያት አውቃለሁ። መልስ አልሰጠችኝም። በዚህ አገር የዶሮ ላባ ተነጭቶ ይጣላል፤ ገንዘቡ ግን ለላባው ጭምር ነው የሚከፈለው።

ከዚያ ዋጋው ይጠራል። የተጠራውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ጽሑፉ ሳይታተም ያረጃል። ባለቤቴ አውራውን ቀስ ብላ መሬት ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች። «እሺ ነይ፣ ስንት ትያለሽ?» ይላል። ትመለሳለች። የምትለውን ትላለች። አሁን ደግሞ እርሱ ዶሮውን አንሥቶ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱም የሚያበቁበትን ዋጋ ከመጀመሪያው ያውቁታል፤ ቢሆንም ሥርዓቱ መፈጸም አለበት። ሰው ሳይከራከር በተጠራው ዋጋ ከፍሎ ቢሄድ ነጋዴው ራሱ ይከፋል፤ «ምነው የበለጠ በጠራሁ» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም።

ይህን ሁሉ መከራ በዕውቀት ለማለፍ የሞከረ ሰው አውቃለሁ። የኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ አንድ ዓመት በደረጃው ላይ አስቁመው ትምህርት ሰጡኝ። «ዋጋው በሰሙነ ሕማማት እንደሚወጣ ይታወቃል?» አሉኝ። ይታወቃል አልኩ። «በጾሙ አጋማሽ ሥጋ የሚበላ ስለሌለ ዶሮ እንደምትረክስስ?» እርሱም ይታወቃል። «ታዲያ የሚታወቅ ነገር ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሕዝብ ምን ይባላል?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ወጡ። በደብረ ዘይት ሳምንት አንድ ግሩም ቀይ አውራ ዶሮ በግማሽ ዋጋ ገዝተው በረንዳቸው ላይ አሰሩ።

አውራው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጮኻል። ጋሼ አልተረበሹም፤ ጡረተኛ እንደሆነ እንቅልፍ የለውም። ሦስተኛውና አምስተኛው ፎቅ ግን ሥራ የሚገቡ ሰዎች ነበሩባቸው። የሕንፃው ኮሚቴ ተሰብስቦ የመተዳደሪያ ደንቡን አገላበጠ፤ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጄኔሬተር የሚል አለው፤ ስለ ዶሮ ጩኸት የሚል የለውም። እስከዚያ አውራው ስንዴ ይበላል። ስንዴውም በነፃ አልመጣም። ከሁሉ የከፋው የጋሼ የልጅ ልጅ ነገር ሆነ። ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ስም አወጣችለት፤ ሻምበል አለችው። ስም የወጣለትን ነገር ማረድ ከባድ ነው። ቀዳም ስዑር ደረሰ፤ ጋሼ ቢላዋቸውን ስለው በረንዳው በር ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ሻምበልን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ጋሼን ሾላ አገኘኋቸው። የሐበሻ ነው፣ በእግሩ ነው የመጣው እየተባለ ይማልላቸው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ስለዚህ አስቀድሞ መግዛት የሚባለው ምክር በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ በረንዳ ላይ ሲወርድ ግን ጥሬ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ስም ይወጣለታል።

ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ በበኩላቸው ይህ ሁሉ ጭንቀት አይገባቸውም። «በደርግ ጊዜ የስኳር ዋጋ አይጨምርም ነበር» ይላሉ። ተመን ነበረ፣ የቀበሌ የኅብረት ሱቅ ነበረ፣ ደብተርም ነበረ። እኔም ለማወቅ ያህል፣ ታዲያ በዓል ሲደርስ ምን ይለወጥ ነበር አልኳቸው። «ሰልፉ» አሉኝ። «ዋጋው እንዳለ ነው፤ የሚጨምረው ሰልፉ ነበር።» ይህን ሲሉ ቅሬታ ይሁን ናፍቆት ከፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም።

ቨርጂኒያ የምትኖር እህቴ አለችኝ። በዓል ሲቃረብ ትደውላለች፤ የምትደውለውም የዶሮ ዋጋ ለመስማት ይመስለኛል። ዋጋውን ስነግራት «ውይ ውይ ውይ!» ትላለች፤ ያንን «ውይ» ስትል ድምፅዋ ውስጥ በዓሉ ሲገባ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ታዲያ እኔም በተራዬ የእነርሱን ጠየቅኋት። ኅዳር ላይ ታንክስጊቪንግ የሚሉት በዓል አላቸው፤ አሜሪካ በሙሉ በአንድ ቀን ተርኪ ይበላል። እንዲያ ከሆነ የዚያ ሳምንት የተርኪ ዋጋ የት ይደርሳል አልኳት።

«ይረክሳል» አለችኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ደግማ «ይረክሳል» አለች። በዓሉ በቀረበ ቁጥር ሱፐርማርኬቶቹ ይሽቀዳደማሉ፤ ከተወሰነ ብር በላይ ለሚገዛ ደንበኛ በነፃ የሚሰጡም አሉ አለችኝ። አሜሪካ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለእኔ ግን የፀሐይ በምዕራብ መውጣት ነበር።

በኋላ ነገሩ ምሁራንንም ግራ እንዳጋባ አወቅሁ። ጁዲት ሸቫሊየር፣ አኒል ካሽያፕ እና ፒተር ሮሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ፍላጎት ጣሪያ በሚነካበት ጊዜ ዋጋ ለምን እንደማይጨምር ጠይቀዋል። መረጃቸውን የወሰዱት ቺካጎ ከነበረው ከዶሚኒክስ ሱፐርማርኬት ነው። ከጠቀሷቸው ዕቃዎች አንዱ የታሸገ ቱና ነበር። ቱና በካቶሊኮቹ የዐቢይ ጾም በብዛት ይበላል፤ ዋጋውም ልክ በጾሙ ወራት ይወርዳል። አስቡት እንግዲህ፤ ቺካጎ ጾም ሲገባ የጾም ምግብ ይረክሳል! እኛ ዘንድ ሁዳዴ ሊገባ ነው ሲባል ምስር ከጆንያው ውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ በማግስቱ ኩራቱ አይቻልም። ሥጋውም ቢሆን ያው ነው። ቅበላ ላይ ጾሙን ለመቀበል ሥጋ ይወደዳል፣ ፋሲካ ላይ ጾሙን ለመግደፍ ሥጋ ይወደዳል። መሐል ላይ ያሉት 55 ቀናት ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ቀለም የሚቀባባቸው ናቸው።

የእነ ሸቫሊየር መልስ ግን ደስ ይላል። ሱፐርማርኬቱ ተርኪውን ወይም ቱናውን አርክሶ የሚያስተዋውቀው ለጽድቅ አይደለም። ሁሉም ሰው በዚያ ሳምንት የሚፈልገው ዕቃ እርሱ ስለሆነ፣ በእርሱ አባብሎ ደጁን ለማስረገጥ ነው። አንዴ ከገባህ ድንቹን፣ ወይኑን፣ ኬኩን፣ የጽዳት ወረቀቱን ሳይቀር ትገዛለህ፤ ተርኪው ላይ የተወልህን እዚያ ይለቅመዋል።

አሁን ወደ ሾላ እንመለስ። ዶሮ ሻጩ ዶሮ ብቻ ነው ያለው። ዶሮውን በኪሳራ ሰጥቶ ምን ላይ ይለቅማል? ሽንኩርቱ የሌላ ሰው ነው። በርበሬው የሌላ ነው፤ ቅቤዋ ከሸኖ መጣሁ የምትል የሌላ ሴት ናት፤ እንቁላሉ የሌላ፣ ዘንቢሉም የሌላ። የፋሲካ ድስት ውስጥ የሚገናኙት ሁሉ ገበያ ላይ አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱም ትርፉን ከራሱ ዕቃ ላይ ብቻ፣ በዚያች ሳምንት ብቻ ማግኘት አለበት። ለእያንዳንዳቸው እኛ የምንደርሰው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ነው። ገና፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፤ ቢበዛ መስቀል።

ሌላም አለ። የአሜሪካው ተርኪ ከወራት በፊት ታርዶ በረዶ ቤት ገብቷል፤ በበዓሉ ሳምንት የሚያስቸግር ነገር የለውም። የእኛ ደንበኛ የሞተ ዶሮ አይገዛም። በእጁ አንሥቶ ልቡ ሲመታ መስማት አለበት። የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ቸኩሎ አያውቅም፤ ከእንቁላሉ ለመውጣት 21 ቀን፣ ለወጥ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ይፈልጋል። ለሚያዝያ ፋሲካ የሚታረደው አውራ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከእናቱ ሥር መሆን ነበረበት። የሚመለከተው አካል በሰሙነ ሕማማት «አቅርቦቱን ለማሳደግ እየሠራን ነው» ሲል ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ማንን ነው የሚያሳድገው? በሦስት ቀን ውስጥ ሊያድግ የሚችል ዋጋው ብቻ ነው።

ሽንኩርት እንኳ የራሱ ቀን አለው። የፋሲካው ሽንኩርት በበጋ መስኖ የበቀለ ነው፤ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከፎገራ ይመጣል፤ ቢከብድም ይገኛል። የእንቁጣጣሹ ግን ክረምት አልፎ የተረፈ ነው። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ያለውም በስብሶ፣ ያን ጊዜ ነው ከተማው በሙሉ የዶሮ ወጥ ልሥራ ብሎ የሚነሣው። የዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ዶሮዋ ለስም ነው የምትገባው።

በግ ሻጩን ግን አደንቀዋለሁ፤ ከሁላችንም የተማረ እርሱ ነው። ሁለት አቆጣጠር በቃሉ ይዟል። ለፋሲካውና ለገናው ባሕረ ሐሳቡን፣ ለአረፋው ደግሞ ሒጅራውን። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ አረፋ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደኋላ እየሳበ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ የአንድን ሙክት ዋጋ ለመናገር በግ ሻጩ የጨረቃንና የፀሐይን አካሄድ ማወዳደር አለበት። ከዚህ ሁሉ ሒሳብ በኋላ የጠራውን ዋጋ አንድ ደላላ መጥቶ በአንድ ቃል ያፈርስበታል።

ይህ ሁሉ ጭማሪ ግን አንድም ቀን ሰው ሲያስቆጣ አላየሁም። ያማርራል፣ ያስፈግጋል፣ ዘመድ ያስደውላል፤ አያስቆጣም። ቁጣ የሚያመጣው ቀኑ ያልታወቀ ጭማሪ ነው። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ድንገት ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አደሙ። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ በቤንዚን አልቆመም፤ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ተከታትሎ ወጣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዶሮ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን በየዓመቱ ስትወጣ ኖራ አንድ የወረዳ ሊቀ መንበር እንኳ አላወረደችም። ሰው የሚጠብቀው ነገር ሲመጣ ይበሳጫል እንጂ አደባባይ አይወጣም፤ አስቀድሞ ሁዳዴ መጀመሪያ ላይ ተበሳጭቶ ጨርሷል።

ቀን የሌለው ጭማሪ ምን እንደሚያደርግ በቅርቡም አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ ተባለ። በዚያው ሳምንት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዘይት ቢጨምር አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ጎመን ልገዛ ሄጄ ዋጋው ተለውጦ ስለጠበቀኝ ሻጯን ምነው አልኳት። «ዶላሩን አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ። ጎመኑ በአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለ ነው። ወንዙን አልፎ አያውቅም። ክርክር ልጀምር አሰብኩና፣ ልጆቿን የምታበላውን ዘይት የምትገዛው ከዚሁ ጎመን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

የደመወዝ ጭማሪም እንዲሁ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ገና ከስብሰባ አዳራሽ ሳይወጣ የቤት አከራዩ ይሰማዋል። ሠራተኛው ደብዳቤው የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ አከራዩ ግን በዚያው ማታ በር አንኳኩቶ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። በአገራችን «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውን ቃል ከአከራይ አፍ የሰማ ሰው ወዲያው ወንበር ይፈልግ።

ሰሞኑን ጋሼን አገኘኋቸው። ሻምበል አሁንም በረንዳው ላይ አለ፤ ኮሚቴው ደንቡን አሻሽሎ በአንቀጽ አስገብቶታል። ጋሼ አዲስ ሐሳብ አላቸው። ዶሮውን ከበዓሉ በፊት መግዛት ካላዋጣ ከበዓሉ በኋላ መግዛት ነው፤ የዶሮ ወጡን በዳግማይ ትንሣኤ መብላት። ቤተሰቡ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ሒሳቡ ልክ ነው አልኳቸው። ልጆቹን ለማሳመን ማን እንደሚነግራቸው ግን ሁለታችንም አላነሣንም።

ለማጣራት ያህል ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ሾላ ስሄድ ወደ ዶሮ ተራ ጎራ አልኩ። ነጋዴው የጠራልኝ ዋጋ ከቀዳም ስዑሩ አንዲት ብር አልወረደም።

«በዓሉ እኮ አለፈ» አልኩት።

«ሠርግ አለ ወንድሜ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁዳዴ አልፎ ሠርግ የሚጠራራበት ወር ነው፤ ሚያዝያም ግንቦትም ድንኳን አያጣም።

«እሺ፣ ሠርጉ ሲያልፍስ? ከጰራቅሊጦስ በኋላ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ እስከ ሐምሌ 5 የሚበላ የለም። ያን ጊዜ በስንት ትሰጠኛለህ?»

ትንሽ አሰበ። ሒሳቡን በልቡ ሲሠራ አየሁት።

«ያን ጊዜ» አለኝ «ዶሮ አላመጣም። ሽምብራ ነው የምሸጠው።»